ቁጭ ብድግ፣ እንብርክክ፣ ቁጢጥ፦ ሰውነታችን የሰጠን ቃላት

ትምህርት ቤት አርፍዶ የደረሰ ተማሪ ጆሮውን በሁለት እጁ ይዞ ቁጭ ብድግ ሲሠራ ያላየ፣ ወይም ራሱ ያልሠራ ወላጅ በአገራችን ብዙ አይገኝም። ዛሬ ያው እንቅስቃሴ በክፍያ ይሠራል። አሠልጣኙ «ስኳት» ይለዋል፤ አሥራ አምስት ጊዜ፣ ሦስት ዙር። ቅጣቱ ስፖርት በመሆኑ ቅር የሚለው ያለ አይመስለኝም። ስሙ ግን በመንገድ ላይ ወድቆ ቀርቷል፤ ልጆቻችንም «ቁጭ ብድግ» ሲባሉ ይስቃሉ።

ቃሉ ግን የሚሳቅበት አይደለም። ቁጭም ሆነ ብድግ ብቻቸውን አይቆሙም። «አለ» የሚል ግስ ካልደገፋቸው ዓረፍተ ነገር መሸከም አይችሉም። ሁለቱ ተጋጥመው ሲመጡ ግን ሙሉ ስም ይሆናሉ፤ ከታች እስከ ላይ ያለውን የጉልበት ሥራ በአምስት ፊደል ይጨርሱታል። አማርኛ የሰውነትን አኳኋን በእንዲህ ዓይነት ጥምር ቃል ሲሰይም ማየት ያስደስታል።

ቃልን ከቃል በመግጠም በዓለም የታወቁት ፊንላንዳውያን ናቸው። ተንበርክኮ ቀጥ ማለትን «ፖልቪሴይሶንታ» ይሉታል፤ ፖልቪ ጉልበት፣ ሴይሶንታ መቆም ነው። በጉልበት መቆም ማለታቸው ነው። መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ልጆች ተረት ለመስማት ወለል ላይ እግራቸውን አቆላልፈው ሲቀመጡ ደግሞ አቀማመጡ «ሪስቲ-ኢስቱንታ» ይባላል። ሪስቲ መስቀል፣ ኢስቱንታ አቀማመጥ ነው። የቃሉ ጉዞ ደስ ይላል። ሪስቲ የመጣው ከጥንቱ የምሥራቅ ስላቭ ቋንቋ ሲሆን፣ የስላቩ ቃል ደግሞ ከክርስቶስ ስም የወጣ ነው። ተረት የሚሰማው የሄልሲንኪ ልጅ ሳያውቀው የክርስቶስን ስም በአቀማመጡ ይዞ ይውላል።

ያንኑ አቀማመጥ ሌላው ዓለም በሌላ ዓይን አይቶታል። ጀርመኖች «የልብስ ሰፊ አቀማመጥ» ይሉታል፤ ፈረንሳዮችና ስዊድኖችም ልብስ ሰፊውን አልረሱትም። ፖላንዶች «እንደ ቱርክ» መቀመጥ ነው ይላሉ። ኮሪያውያን «የመኳንንት እግር» ብለው አክብረውታል። አንዱ ሙያ አየ፣ አንዱ ባዕድ ሰው፣ አንዱ ማዕረግ።

እኛስ ምን አየን? እኛ ልብስ አየን። «እግሩን አጣጥፎ ተቀመጠ» ስንል ነጠላ ወይም አንሶላ የምናጥፍበትን ግስ ነው የምንጠቀመው። ይህ የተመሰገነ፣ የጨዋ አቀማመጥ ነው። ግሱን ከእግር ወደ እጅ ስናዛውረው ግን ምስጋናው ይቀራል፤ «እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ» የተባለ ሰው ሰነፍ ነው ተብሏል። ወንበር ላይ ሆኖ አንዱን እግር በሌላው ላይ መጫን ደግሞ «እግር ማነባበር» ነው። ግሱን ወጥ ቤት ውስጥ ታውቁታላችሁ። ሁለት እንጀራ በበርበሬና በቅቤ ታሽቶ፣ አንዱ ባንዱ ላይ ሲጫን አነባበሮ ይባላል። ፊንላንዳዊው መስቀል ያየበትን እግር እኛ እንደ እንጀራ ደርበነዋል ማለት ነው። ታላቅ ሰው ፊት እግር ማነባበር ነውር እንደነበረ ዕድሜያቸው ከሃምሳ በላይ የሆኑ አንባቢዎቼ ያስታውሳሉ። አሁን በየቴሌቪዥኑ ውይይት ላይ ሳያነባብር የሚቀመጥ እንግዳ ማግኘት ከባድ ነው።

አነባበረ የሚለውን ግስ ወደ ሥሩ ስንከተለው በአማርኛ ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠውን የአቀማመጥ ቃል እናገኛለን። በግእዝ «ነበረ» ማለት ተቀመጠ ማለት ነው። አማርኛ ቃሉን ወርሶ «ነበር» አለው፤ ያለፈውን ጊዜ ሁሉ አስረከበው። «ልጅ ሳለሁ እዚህ ሰፈር ነበርኩ» የሚል ሰው በጥንቱ አነጋገር እዚህ ተቀምጬ ነበር ማለቱ ነው። ኖረ፣ ኑሮ፣ ነዋሪ የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። ንብረትም ከዚሁ የወጣ ነው። መንበር የሚቀመጡበት ነው። መንበር በአማርኛ አፍ ወንበር ሆነ፤ የጉባኤ መሪውንም ሊቀ መንበር አሰኘው። የኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግእዝ መዝገበ ቃላት (1948 ዓ.ም.) እና የደስታ ተክለ ወልድ የአማርኛ መዝገበ ቃላት (1962 ዓ.ም.) ቤታችሁ ካሉ፣ ከልጆቻችሁ ጋር አንድ ምሽት ይህን አንድ ሥር ብቻ እየተከተላችሁ ብትቆዩ ቴሌቪዥን አያስከፍታችሁም።

ከዚህ ሥር የወጣ አንድ ትንሽ ቃል ግን ከከተማ ቤት እየጠፋ ነው። ታላቅ ሰው ሲገባ የተቀመጡት ከመቀመጫቸው ከፍ ብለው «ኖር!» ይላሉ። ገቢው «በእግዜር! ኧረ አትነሱብኝ፣ ተቀመጡ ልጆቼ» ብሎ ይመልሳል። ይህን ልማድ ልብ ብላችሁ እዩት። አፍ የሚያወጣው ቃል ከመቀመጥ የመጣ ነው፤ ሰውነት ግን እየተነሣ ነው። እኔ ተነሣሁልህ፣ አንተ ተቀመጥ፣ ኑር። በሁለት ፊደል ይህን ያህል አክብሮት የሚያቀብል ቋንቋ ብዙ አላውቅም። በወሎ ገጠር ይህ አሁንም የቀን ተቀን ነገር ነው። አዲስ አበባ ላይ ሶፋው ጥልቅ ሆኖ ይሁን ስልኩ ይዞን፣ ለእንግዳ ግማሽ ወገብ የሚነሣ ወጣት ከተገኘ አያቶች ያወሩለታል።

ለመቀመጥ ግብዣችንም ደረጃ አለው። ልጅን «ቁጭ በል» እንላለን። ለእኩያ «ተቀመጪ» ይበቃል። ለታላቅ ግን «አረፍ ይበሉ» ነው፤ መቀመጥ የሚለውን ግስ እንኳ አናነሣባቸውም። መተኛትም እንዲሁ ነው፤ ልጁ ይተኛል፣ አባት ጋደም ይላሉ። የከተማ ልጅ አያቱን «ቁጭ በሉ» ሲል ክፋት የለውም፤ ደረጃውን የነገረው ስለሌለ ነው።

መቀመጥ የቤት ቃል ከሆነ መቆም የቤተ ክርስቲያን ቃል ነው። ይህን ለመስማት ከላስታ የተሻለ ቦታ የለም። ከላሊበላ ከተማ በስተ ሰሜን ምዕራብ ባለችው ትንሿ ብልባላ ዙሪያ ከዐለት የተፈለፈሉት ብልባላ ቅዱስ ጊዮርጊስና ብልባላ ቅዱስ ቂርቆስ ይገኛሉ። ጊዮርጊስን ጎብኚዎች የሚያስታውሱት በግድግዳው ውስጥ በሚኖሩት ንቦች ነው፤ ማሩን ምእመናን ለፈውስ ይፈልጉታል። በዚያው አካባቢ በዋሻ ውስጥ በእንጨትና በድንጋይ ድርድር የተሠራው ይምርሐነ ክርስቶስ አለ። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ቅዳሴ የሚቆመው በእግር ነው። «ቅዳሴ ቆመ»፣ «ማኅሌት ቆመ» የሚባለው ለዘይቤ ብቻ አይደለም፤ ሌሊቱ በሙሉ በእግር ያልቃል።

ለዚህ ነው ደብተራው መቋሚያ የያዘው። መቋሚያ ስሙ እንደሚናገረው የሚቆሙበት ነው። በማኅሌት ሰዓት ከብብት ሥር ገብቶ ሰውየውን ይደግፋል፣ ዝማሬው ሲነሣ ደግሞ ከእጅ ጋር አብሮ ይወዛወዛል። ያ ውዝዋዜ ዝማሜ ይባላል፤ ዘመመ፣ ዘንበል አለ ከሚለው ግስ ጋር ዘመድ ነው። ጸናጽልና ከበሮን፣ ዝማሜንና ሽብሸባን አጠቃሎ የሚይዘው ትምህርት ስሙ «አቋቋም» ነው። ቃል በቃል «የመቆም ዓይነት» ማለት ነው። ዓመታት የሚፈጅ፣ መምህር የሚጠይቅ፣ በየአገሩ ስልት ያለው የመቆም ትምህርት። ልጆቻችን ቀጥ ብለው እንዲቆሙ ለምንጮኽ ወላጆች የሚያስቀና ነው።

ላሊበላ ከተማ ላይ ታኅሣሥ 29 በገና ዕለት የሚቆመውን ቤዛ ኵሉ ያያችሁ ታውቁታላችሁ። ከ11ዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት አንዱ በሆነችው በቤተ ማርያም ዙሪያ ካህናቱ ለሁለት ይከፈላሉ። ገሚሱ ከዐለቱ ጠርዝ ላይ፣ ገሚሱ ከታች ግቢው ውስጥ ይቆማል። ላዮቹ የመላእክት፣ ታቾቹ የእረኞች ምሳሌ ናቸው። በሚወጣው ድምፅ ላይ ሳይሆን በሚቆሙበት ስፍራ ላይ ትርጉሙ ተጽፏል። ዘመን ሲያልፍ ዐለቱን ዩኔስኮ መዘገበው፣ እ.ኤ.አ. በ1978። አቋቋሙን ግን ዛሬም የሚመዘግበው የተማሪው እግር ነው።

ወደ ቤታችን ስንመለስ መቆም ከመኝታ ክፍላችን ጀምሮ አለ። ልብስ የምንሰቅልበት ቁም ሳጥን የቆመ ሳጥን ነው፤ አያቶቻችን ልብሳቸውን በተኛ ሳጥን ስለሚያኖሩ የቆመው ሲመጣ አዲስነቱን በስሙ ነገሩት። ቁም ነገርም እንዲሁ የቆመ ነገር ነው። ቀልድ ያልፋል፣ ወሬ ይበተናል፣ ቁም ነገር ግን ይቆማል። ብራናው ላይ ቀጥ ብሎ የተሠራው የጸሐፊዎች ፊደል ቁም ጽሕፈት ይባላል። የቁም ከብት ያልታረደ ነው። የቁም እስረኛ ከቤቱ እንዳይወጣ የተከለከለ ነው። ክፉ መከራ ያየ ሰው ቁም ስቅሉን አየ። ፊንላንዳውያንን በጥምር ቃል ብዛት ብናደንቃቸውም «ቁም»ን ብቻ ይዘን ብንወዳደራቸው የምናፍር አይመስለኝም። አቋም፣ ተቋም፣ ቋሚ፣ ቁመት፣ ማቆሚያ፤ የሐሳብም፣ የመሥሪያ ቤትም፣ የአውቶቡስም ነገር ከአንድ እግር ተነሥቷል። ቆሞስ የሚለው የካህናት ማዕረግ ግን ቢመስልም ከዚህ ቤተሰብ አይደለም፤ በግብፅ በኩል የመጣ፣ ሥሩም መሪ የሚል የግሪክ ቃል ነው። እንዲህ ዓይነቱ መንትያ የሚመስል ባዕድ በየቋንቋው አለ።

ተረታችንም ሁለቱን አኳኋን ያነጻጽራል፤ ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆሞ ማውረድ ያቅታል። ብድር ስትፈርሙ ትዝ ይበላችሁ።

ከመቆምና ከመቀመጥ መካከል ጉልበት አለ። እንደኔ እንደኔ ከሁሉም የሚበልጠው ታሪክ ያለው እዚህ ላይ ነው። ግእዝ ጉልበትን «ብርክ» ይለዋል፤ ትግርኛ ዛሬም ብርኪ ይላል። አማርኛ ቃሉን ለመገጣጠሚያው አላስቀረውም። ነገር ግን የሚፈራ ሰው ጉልበቱ ሲንቀጠቀጥ «ብርክ ያዘው» እንላለን። ተንበረከከ፣ እንብርክክ፣ በርከክ አለ፤ ሁሉም ይህንኑ ብርክ ይዘዋል። የቤተ ክርስቲያን ሥርዓትም በጉልበት መውደቅን «አስተብርኮ» ብሎ ከስግደት ለይቶ ይጠራዋል።

አሁን ብ፣ ር፣ ክ የሚሉትን ሦስት ፊደላት ያዙና «ባረከ» በሉ። ዕብራይስጥም ጉልበትን ቤሬኽ፣ ባረከን ባራኽ ይላል። ዐረብኛም ግመሉ ሲንበረከክ ባረከ፣ በረከትን ደግሞ በረካ ይላል። ሊቃውንቱ እስካሁን ይከራከራሉ። አንዳንዶቹ በረከት የሚቀበል ሰው ስለሚንበረከክ ቃሉ አንድ ነው ይላሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ሁለት የተለያዩ ሥሮች በድምፅ ተገናኙ እንጂ ዘመድ አይደሉም ይላሉ። ክርክሩን ለእነርሱ እንተውና ሰርግ ቤት እንግባ። ሙሽሮቹ ከአዳራሽ በፊት ቤት ገብተው የወላጆቻቸውን ጉልበት ይስማሉ። ወላጆች ከላይ ሆነው «ተባረኩ» ይላሉ። አንዱ ሥር ይሁን ሁለት፣ በዚያች ደቂቃ ብርክና በረከት አንድ ክፍል ውስጥ ናቸው። የፎቶ አንሺው ችኮላ ይህን ሥርዓት በሁለት ሰከንድ እንዲያልቅ እያደረገው መሆኑን ያየ ሁሉ ይናደዳል፤ እኔም እናደዳለሁ።

አማርኛ ለመገጣጠሚያው የመረጠው «ጉልበት» ነው፤ ይህ ምርጫም የራሱ ወግ አለው። ጉልበት አጥንቱም ኃይሉም ነው። «ጉልበት የለኝም» ያለች እናት ደክሟት ይሁን አሟት የሚለየው ከቀጣዩ ዓረፍተ ነገር ነው። የሚንበረከክ ሰው ኃይሉን መሬት ላይ ያስቀምጣል፤ ቋንቋው ይህን ያለ ስብከት ነግሮናል።

ስግደትም ወሎን በመሰለ አገር የሁለት ቤት ቃል ነው። ሰገደ የሚለው የግእዝ ግስና የዐረብኛው ሱጁድ አንድ ሥር አላቸው፤ የሚሰገድበት ቤት መስጊድ የተባለው ከዚሁ ነው። በሰላት ውስጥ ቀጥ ብሎ መቆሙ ቂያም ይባላል፤ እርሱም የእኛው «ቆመ» ወንድም ነው። በአንድ ቀበሌ አንዱ ደብር፣ አንዱ መስጊድ ሲሄድ ሁለቱም ሰውነታቸውን በአንድ ጥንታዊ ግስ ነው የሚያጥፉት። በክርስቲያኑ በኩል ስግደት የሚቀርበት ጊዜም አለ። ከትንሣኤ በኋላ ባሉት 50 ቀናት አይሰገድም። እ.ኤ.አ. በ325 የተሰበሰበው የኒቅያ ጉባኤ በ20ኛው ቀኖናው በእሑድና በእነዚህ ቀናት ቆሞ መጸለይን አዝዟል። በስቅለት ዕለት ከጠዋት እስከ ማታ ሰግዶ ቅዳሜ ደረጃ መውረድ ያቃተው የከተማ ሰው ይህ ቀኖና ለምን ቶሎ እንደሚጀምር ጭኑ ይነግረዋል።

የጭኑ ነገር ከተነሣ እውነቱን እንነጋገር። የከተማ ሰውነት እየረሳ ያለው ቃሉን ብቻ አይደለም። ፈረንሳዊው ማርሴል ሞስ እ.ኤ.አ. በ1934 ስለ ሰውነት ልማዶች ባቀረበው ንግግር፣ ሕፃን ሁሉ ቁጢጥ ማለት እንደሚችልና የአገሩ ሰዎች ግን ሲያድጉ ይህን እንደሚያጡ አንሥቶ ይህን እንደ ጉድለት ቆጥሮታል። አሜሪካዊው ጎርደን ሂውስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1955 ባሳተመው ጽሑፍ የሰው ልጅ ረግቶ ሊቆይባቸው የሚችላቸውን አኳኋኖች ወደ አንድ ሺህ ገምቷቸዋል። ከእነዚህ ውስጥ የቢሮ ሠራተኛ በቀን ስንቱን ይጠቀማል? ወንበር፣ መኪና፣ ሶፋ፣ አልጋ። አራት ብንል ነው።

በብልባላ መንደር ያለች እናት ከምድጃ ሥር ቁጢጥ ትላለች፣ ዱካ ላይ ትቀመጣለች፣ መደብ ላይ እግሯን ታጥፋለች፣ ቅዳሴ ትቆማለች፣ ትሰግዳለች። ይህ ኑሮ ቀላል ነው አልልም፤ ጭሱም ሸክሙም አለበት፣ ውኃ የተሸከመ ጀርባ ቅኔ አይሆንም። ነገር ግን ከመሬት ለመነሣት እጅ የሚሰጣት አትፈልግም።

መነሣት ራሱን የቻለ መለኪያ ሆኗል። የብራዚል ሐኪሞች ዕድሜያቸው ከ51 እስከ 80 የሆኑ 2,002 ሰዎችን ወለል ላይ ቁጭ ብለው እንዲነሡ አድርገው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2012 አውጥተዋል። ለመቀመጥ 5፣ ለመነሣት 5 ነጥብ ይሰጣል። እጅ፣ ጉልበት ወይም ክንድ መሬት በነካ ቁጥር አንድ ነጥብ ይቀነሳል። ዝቅተኛ ነጥብ ካገኙት መካከል በክትትሉ ዓመታት የሞቱት ከፍተኛ ነጥብ ካገኙት በጣም ይበልጡ ነበር። ወለል ላይ መቀመጥ ዕድሜ ይጨምራል ማለት አይደለም፤ ጉልበትና ሚዛን ያለው ሰው በአብዛኛው ጤናውም የተጠበቀ ነው ማለት ነው። ሐኪሞቹ የለኩት የእኛን ቁጭ ብድግ ነው። ቤት ውስጥ ልትሞክሩት ብትፈልጉ ምንጣፍ አንጥፉ፣ አጠገባችሁ ሰው ይኑር፤ ጉልበቱን የሚያመው ወይም የሚያዞረው ሰው አይሞክር።

በዚህ ፈተና ከቤታችሁ ሙሉ 10 የሚያገኘው ታናሹ ልጅ ነው ብዬ እገምታለሁ። አሻንጉሊቱን ሊያነሣ ቁጢጥ ሲል ተረከዙ መሬት እንደያዘ፣ ጀርባው ቀጥ እንዳለ ነው። ማንም አላስተማረውም። ከዚያ በፊት በዳዴ ሄዷል። ከዳዴ ቀጥሎ አንድ ቀን የወንበሩን እግር ይዞ ተነሣና ለቀቀው። ያን ጊዜ ቤቱ ውስጥ የነበረ ሁሉ እያጨበጨበ «ወፌ ቆመች!» አለ።